ሳጥኗን ከመግዛታችሁ በፊት

እስራኤል ውስጥ፣ በምሠራበት የአፉላ ጋራዥ፣ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ ከወታደርነት ተመልሰው በራሳቸው ገንዘብ የመጀመሪያ መኪናቸውን የገዙ፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው የኛው ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ የነዳጅ መቆጣጠሪያዋን ሳጥን ባስገባላት ትፈጥናለች ወይ? ነዳጅስ ትቆጥባለች?» ይሉኛል። ሳጥኗ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተቀጥላ የነዳጁን መጠን የምትለውጥ ዕቃ ናት። መልሴን ሳላንዛዛ ልናገር። ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ፣ ሞተሩ ላልተነካ መኪና አትጠቅምም። ሞተሩ ተለውጦ ከፋብሪካው ልክ በላይ አየር ለሚስብ መኪና ግን ልትጠቅም ትችላለች፤ እሱም የሚያስተካክላት ሰው መለኪያውም ዕውቀቱም ካለው ነው። ይህን ለይቶ አለማወቅ ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ሙሉ ሞተር ያስከፍላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሞተር ከነዳጅ ይልቅ አብዝቶ የሚበላው አየር ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ተሟጥጦ እንዲቃጠል 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። በሊትር ሲታሰብ የበለጠ ይገርማል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተሩ ወደ 9000 ሊትር አየር ይስባል። የሞተሩን ጉልበት የሚወስነው በየዙሩ የሚያስገባው የዚህ አየር መጠን ነው። አየሩ ሳይጨምር ነዳጅ ብቻ መጨመር ጭስ በሞላው ምድጃ ላይ እንጨት እንደ መከመር ነው፤ ጭሱ ይብሳል እንጂ እሳቱ አይነድም። ሳጥኗ ደግሞ የተሠራችው ነዳጁን ለመለወጥ ነው። አየር አታመጣም።

እርግጥ ነው፣ ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ የአየሩና የነዳጁ ድብልቅ ትንሽ ወፈር ማለት (ነዳጁ መብዛት) አለበት። ለአንድ ግራም ቤንዚን 12.5 ወይም 13 ግራም አየር ሲደርሰው ሞተሩ ይበልጥ ይበረታል። ሳጥን ሻጮች ይህችን ቁጥር ይዘው ብዙ ያወራሉ። ነገር ግን የፋብሪካው መሐንዲሶችም ያውቋታል፤ ነጂው የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ሲረግጥ የመኪናው ኮምፒውተር ድብልቁን ራሱ ያወፍረዋል። ሌላ ሰው እንዲጨምርለት አይጠብቅም።

ሙያውን የጀመርኩት ጎንደር ነው። ያን ጊዜ ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነበር። ያስተማሩኝ መካኒክ ፔጆ 404 ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ፣ የጭሱን ቀለም ያያሉ፣ ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመረምራሉ። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ከነጣ አንሶታል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በጠመንጃ መፍቻ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ነካ ያደርጉና እንደገና ያዳምጣሉ። እውነተኛ ሙያ ነበር፤ የሰውየው ጆሮና ዓይን የመኪናው ሴንሰሮች ነበሩ። ዛሬ ሳጥን የሚፈልጉት ልጆች በልባቸው የሚመኙት ይህንኑ ይመስለኛል፤ በእጅ የሚነካ፣ የሚዞር፣ «እኔ አስተካከልኳት» የሚያሰኝ ነገር። ምኞቱን አልነቅፍም። መኪናው ግን ተለውጧል።

ለውጡ የጀመረው ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ (ኢንጀክተር) ሠርቶ በቮልስዋገን 1600 ላይ ሲገጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ቮልቮ ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጀው መኪና የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ሰካ፤ እሱንም የሠራው ቦሽ ነው። ለኛ ጥያቄ ዋናው ቁልፍ ይሄ ሁለተኛው ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያዝዝ ነበር እንጂ ያዘዘው ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግረው አልነበረም። የኦክስጅን ሴንሰሩ ከተቃጠለው ጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እያሸተተ ምስክርነት መስጠት ጀመረ።

የተለመደው ሴንሰር ሲሠራ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ያወጣል። ድብልቁ ሲወፍር ቮልቱ ይወጣል፣ ሲቀጥን ይወርዳል፤ መካከሉ 0.45 አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥኗል ሲባል ኢንጀክተሮቹን በሺኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ትንሽ አስረዝሞ ይከፍታቸዋል፤ ወፍሯል ሲባል ያሳጥራል። እንዲህ እያለ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ካልተረገጠ በቀር፣ ቀኑን ሙሉ 14.7ን ሳይለቅ ይውላል። ያስተካከለውንም በሁለት መዝገብ ይይዛል። አንዱ የአሁኑን ቅጽበት ማስተካከያ የሚይዝ ነው፤ ሁለተኛው በቀናት የተጠራቀመውን ልማድ የሚይዝ ነው። መመርመሪያ ማሽን ስንሰካ ሁለቱም በመቶኛ ሆነው ይነበባሉ። ጤነኛ መኪና ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቁም፤ ሁለት ሦስት በመቶ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቢሉ ደህና ነው።

እንግዲህ ሳጥኗ የምትገባው እዚህ መሐል ነው። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መቆጣጠሪያዎች ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚለካው ሴንሰርና በኮምፒውተሩ መካከል ተቀጥለው መልእክቱን የሚቀይሩ ናቸው። ኤፔክሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1990ዎቹ ያወጣው ኤስ-ኤ-ኤፍ-ሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ በዚህ መንገድ ነው የታወቀው። ሴንሰሩ «10 ግራም አየር ገባ» ሲል ሳጥኗ ለኮምፒውተሩ «9 ግራም ገባ» ትለዋለች። እሱም አምኖ ነዳጁን በአሥር በመቶ ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ የሻጩ ቃል ትክክል ነው።

ግን የኦክስጅን ሴንሰሩ አለ። ድብልቁ መቅጠኑን ወዲያው ይናገራል። ኮምፒውተሩም አየሩ ልክ 9 ነው ብሎ ካመነ በኋላም «ነዳጁ አንሷል» የሚለውን ምስክር ሰምቶ ማስተካከያውን ከፍ ያደርጋል። ጥቂት ደቂቃ ተነድቶ ነዳጁ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ጥቂት ቀን ተነድቶ ደግሞ በሁለተኛው መዝገብ ይጻፋል። ከአፉላ ወደ ሐደራ በ65 መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት ስትነዱ ሳጥኗ እያለችም እንደሌለች ናት። ለውጧ የሚታየው ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን ምስክርነት ለጊዜው ትቶ በራሱ ሠንጠረዥ በሚሠራበት ሰዓት፣ ማለት ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ነው። እዚያም ቢሆን ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የተማሩትን ልማድ ይዘው ስለሚገቡ ለውጡ መልሶ ይሸረሸራል።

አንድ መኪና በቅርብ ላሳያችሁ። አንድ ወጣት 1600 ሞተር ያላት የጃፓን መኪና ይዞ መጣ፤ እናቱም አብራው ነበረች። መኪናዋ ስትነሳ ትንገጫገጫለች፣ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቷል። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ደመወዙን ጨረሰችው፤ እባክህ አንድ ነገር በላት» አለችኝ እናቱ። ልጁ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ይዟት ሄዶ ነበር። እዚያ «ነዳጅ ትበላለች» ሲል ሰምተው ሳጥን ገጥመው ነዳጁን በስምንት በመቶ እንድትቀንስ አድርገው ሰደዱት። አንድም ነገር ሳይለኩ።

መመርመሪያውን ስሰካ የወጣው የስሕተት ቁጥር ፒ-0171 ነበር፤ ድብልቁ ከልክ በላይ ቀጥኗል ማለት ነው። የሁለቱ መዝገቦች ድምር ደግሞ ኮምፒውተሩ ሊያስተካክል ከሚችለው ጫፍ ደርሷል። መጀመሪያ ሳጥኗን ወደ ዜሮ መለስኳት። መኪናዋ በሚኒሞ ስትሠራ ማስተካከያው ሲደመር 18 በመቶ አሳየ። ሞተሩን ወደ 2500 ዙር አውጥቼ ስይዘው ወደ 5 ወረደ። ይህን ምልክት ያየ መካኒክ ብዙ አይቸገርም፤ በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በቀዳዳ የሚገባው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን በብዛቱ ይዋጣል።

የጭስ ማሽኑን አመጣሁ። ይህ ማሽን ወደ አየር መግቢያው ነጭ ጭስ በቀስታ ይነፋል፤ ቀዳዳ ካለ ጭሱ ራሱ ያሳብቃል። ትንሽ ቆይቶ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ ከሚሄደው የጎማ ቱቦ ሥር፣ ከእጥፋቶቹ መካከል፣ ቀጭን የጭስ ክር ወጣ። ልጁን ጠርቼ ጣቱን አስገብቼ አስነካሁት። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ጎማ ከታች በኩል ተሰንጥቆ የጣት ጥፍር ያስገባ ነበር። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጫፋቸው ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። ጎማዎቹን ስለካ ደግሞ 32 መሆን የነበረበት ነፋስ 24 ላይ ነው። ቱቦውንና ካንዴላዎቹን ለወጥን፣ ጎማዎቹን ነፋን፣ የሳጥኗን ሽቦ ከሥሩ ነቅለን የቀጠሉትን ገመድ በሚገባ ጠገንን። ማስተካከያው ዜሮ አካባቢ ገባ። እናትዮዋ የጠየቀችው «ያቺን ሳጥን ምን እናድርጋት?» ብቻ ነበር። «ሽጧት፤ ግን ለማትጠቅመው መኪና አይደለም፤ ለሚያስፈልጋት ሰው» አልኳት።

ይህን ታሪክ የምናገረው ሳጥኗን ለማጥላላት ብዬ አይደለም። ሳጥኗ ምንም አላጠፋችም፤ የታዘዘችውን ሠርታለች። ያናደደኝ መኪናው ሳይመረመር መገጠሟ ነው። የሞተር መብራት ለበራበት መኪና ሴንሰሩን ሳያነብ ሳጥን የሚሸጥ ሰው፣ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ይሰጣል።

አሁን ወደ አደገኛው ወገን ልለፍ። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን የሚጠቀምበት ለነዳጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ግን በዚያው ቁጥር የካንዴላውን እሳት የሚፈነጥቅበትን ቅጽበትም ይወስናል። አየሩ ጥቂት ከሆነ እሳቱን ቀደም ብሎ መለኮስ ይቻላል፤ አየሩ ብዙ ከሆነ ዘግየት ማለት አለበት። ሳጥኗ «አየሩ ጥቂት ነው» ብላ ስትዋሽ ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ነዳጁን ይቀንሳል፣ እሳቱንም ያስቀድማል። ሁለቱም በአንድ ላይ ሲሆኑ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ድብልቁ እሳቱ በሥርዓት ሳይደርስበት በገዛ ራሱ ይፈነዳና ፒስቶኑን እንደ መዶሻ ይመታል። ዘመናዊ መኪናዎች ይህን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው፤ ሰምቶም እሳቱን ያዘገያል። ሁልጊዜ ግን አይደርስም። ቱርቦ ባለበት ሞተር፣ በበጋ ሙቀት፣ እዚህ አፉላ ያለውን የጊቭዓት ሃሞሬን ኮረብታ ሽቅብ በሙሉ ፔዳል ሲወጣ የፒስቶን ጫፍ ለመበላት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በደንብ የሚያጸዳው ድብልቁ በ14.7 አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው። ድብልቁ ሁልጊዜ ከወፈረ ያልተቃጠለው ነዳጅ እዚያ ይደርስና ኮንቨርተሩ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ሸክላ ሊቀልጥ ይችላል። ዋጋውን የከፈለ ያውቀዋል። ለመኪና ምርመራ (ቴስት) ስንሄድ የጭሱ ንጽሕና ይለካል፤ ይህም አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ ፈቃድ ነው። እስራኤል ውስጥ በመኪናው አሠራር ላይ የሚደረግ ለውጥ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ይጠይቃል። ያልተፈቀደ ለውጥ ያለው መኪና አደጋ ቢደርስበት ከኢንሹራንሱ ጋር የሚነሳውን ክርክር ማንም አይመኘውም። ይህን ለወጣቶቹ ስነግራቸው ፊታቸው ይጨልማል፤ ግን ሳልነግራቸው ቀርቼ አደጋ ቢያጋጥማቸው እኔው አዝናለሁ።

ታዲያ ለማን ትጠቅማለች? ፒስቶኑ፣ የቫልቭ መክፈቻው፣ ኢንጀክተሩ ለተለወጠ ወይም ቱርቦ ለተጨመረበት ሞተር። እዚያ የፋብሪካው ሠንጠረዥ እውነተኛውን ሞተር አያውቀውም፤ አንድ ሰው ሊያስተምረው ግድ ነው። በሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች በተለይ የቆዩቱ ኮምፒውተራቸው የኦክስጅን ሴንሰርን ብዙም አይከተልም፤ ስለዚህ ማርሚታው ሲለወጥ ድብልቁ ይዛነፋል። ዳይኖጄት የሚሠራው ፓወር ኮማንደር ዝናውን ያተረፈው በዚህ ነው። ኢንጀክተሩ ላይ ቀጥታ ስለሚሠራ የአየር መለኪያውን አያታልልም።

ለመኪና ግን ዛሬ የተሻለው መንገድ ራሱን የፋብሪካውን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር ነው። በመሪው ሥር ባለው መሰኪያ በኩል ገብቶ የነዳጁንም የእሳቱንም ሠንጠረዥ በአንድ ላይ መጻፍ ይቻላል። ውሸት የለበትም፤ አየሩ ስንት እንደሆነ በትክክል ታውቆ በእሱ ላይ ውሳኔው ይለወጣል። ከፋብሪካ ቱርቦ ያላቸው መኪናዎች በዚህ መንገድ የሚታይ ጉልበት ያገኛሉ፤ የቱርቦው ግፊት ስለሚጨምር አየርም ይጨምራልና። ቱርቦ የሌላት ተራ መኪና ግን እንዲህም ተደርጋ የምታገኘው ጥቂት በመቶ ነው፤ ነጂው በትክክል ይሰማዋል ለማለት እቸገራለሁ። ደግሞም ፕሮግራሙ ለ98 ኦክቴን ቤንዚን ከተጻፈ 95 መቅዳት ክልክል ነው፤ ወጪው በየቅዳቱ ይከተላችኋል።

ለማንኛውም ማስተካከያ የሚያስፈልጉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ ያለ እነሱ ማንም «አስተካከልኩ» ቢላችሁ አትመኑ። አንደኛው ሰፊ መለኪያ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ተራው ሴንሰር ወፍሯል ወይም ቀጥኗል ከማለት በቀር በስንት እንደሆነ በትክክል አይናገርም፤ ሰፊው ግን 12.5 ይሁን 11.8 በቁጥር ያሳያል። ሁለተኛው ዳይኖ ነው፤ መኪናዋ ጎማዎቿ በተሽከርካሪ ሲሊንደር ላይ ሆነው ቆማ እየተነዳች ጉልበቷ የሚለካበት መድረክ። በመንገድ ላይ «ፈጠነች መሰለኝ» ማለት መለኪያ አይደለም። አዲስ ነገር የገጠመ ሰው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፤ የፈጠነው እግሩ ነው።

ስለ ቁጠባው ደግሞ እንቁጠር። እዚህ ቤንዚን በየወሩ መጀመሪያ ዋጋው ይከለሳል፤ ለሒሳቡ አንዱን ሊትር 7 ሸቅል ብለን እንያዝ። በዓመት 15000 ኪሎ ሜትር የምትነዳ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትበላ መኪና 1050 ሊትር ትጠጣለች፤ 7350 ሸቅል ነው። ሳጥኗ፣ እኔ የማላምነውን፣ አምስት በመቶ ትቆጥባለች እንበል። በዓመት ወደ 367 ሸቅል ነው። ሳጥኗና መግጠሚያዋ 2000 ሸቅል ቢፈጁ ወጪዋን የምትመልሰው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ነዳጅ ለሚያስቆጥበው የጎማ ነፋስ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያስከፍላችሁም።

ከሳጥኗ ጋር የሚያምታቷት ሌላ ነገርም አለ፤ በመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የምትሰካ፣ አረንጓዴ መብራት የምታብለጨልጭ ርካሽ ነገር። «ኮምፒውተሩን ታስተምራለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች» ይባልላታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ነዳጅን በሚታይ መጠን የሚቆጥብ አላገኘም። እንደኔ ከሆነ እሷ ላይ የምታወጡትን ለአንድ አዲስ ካንዴላ አውሉት።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም በስልክ ይጠይቁናል፤ የእነሱ ጥያቄ ግን ከእኛ ይለያል። አፉላ ሜዳ ላይ ናት፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ጎንደርም ከ2000 ታልፋለች። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ በየዙሩ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና እዚያ ከጉልበቱ አምስተኛ ወይም ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ይህን ማንም ሳጥን አይመልሰውም፤ የጎደለው አየር ነውና።

ካርቡራተር ያላቸው የድሮ ላዳዎችና ዲኤክስ ኮሮላዎች ሌላ ችግር አለባቸው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ድብልቁ እየወፈረ ይሄዳል። እዚያ ነዳጅ ማስተካከል እውነተኛ ሥራ ነው፤ ነዳጅ የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች ለውጦ፣ ብሎኗን አስተካክሎ፣ ካንዴላውን አይቶ መፍረድ። ጥሩ የአገር ቤት መካኒክ ይህን ያውቃል፤ ሙያው ሊከበር ይገባዋል። ኢንጀክሽን ያላት ቪትዝ ግን የግፊት ወይም የአየር መለኪያ ስላላት ራሷን ትለካለች፤ ጎንደርም ትውጣ መተማ ትውረድ አትሳሳትም። ለእሷ ሳጥን አያስፈልጋትም።

ነዳጁ ራሱ ሲለወጥስ? አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል በአምስት በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ በኋላ ወደ አሥር በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን 14.7 ሳይሆን ወደ 14.1 ግራም አየር ነው የሚፈልገው። ነጂዎቹ ምንም አላደረጉም፤ የኦክስጅን ሴንሰር ያላቸው መኪናዎች በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ለመዱት። ልጆቼ ሳጥን ሲጠይቁኝ የማነሳላቸው ምሳሌ ይሄ ነው፤ መኪናችሁ ነዳጅ መለካት የሚያውቅ ባለሙያ በውስጧ ይዛለች፤ ጠላቱ የቆሸሸ ሴንሰር፣ የተሰነጠቀ ቱቦና የደከመ ካንዴላ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል ብዙ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ተወያየ። እኔ ያሰብኩት ግን እዚያ ያሉትን ቪትዞችና ኮሮላዎች ነው፤ ለብዙ ዓመት መኖር አለባቸው ማለት ነው። ለእነሱ ከአምስት ጌጠኛ ሳጥን ይልቅ አንድ የታመነ የኦክስጅን ሴንሰርና አንድ ማንበብ የሚችል መካኒክ ይበልጣል። ርካሽ መመርመሪያ ዛሬ በየከተማው ይገኛል፤ ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ ማንም ወጣት ሊማረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሞተሩን በእውነት ለመለወጥ የቆረጠ ሰው ቢኖር አላስቆመውም፤ ሞተር መውደድ ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሠሪውን ሦስት ነገር ይጠይቀው። ከመነካቷ በፊትና ከተነካች በኋላ የተለካችበትን የዳይኖ ወረቀት ያሳየው። ሙሉ ፔዳል ላይ ሰፊው ሴንሰር ያነበበውን ቁጥር ከዙሩ ጋር ያሳየው። የማንኳኳቱን ሴንሰር ማየቱንና እሳቱ የት ላይ እንደቆመ ይንገረው። አንዱን እንኳ ለማሳየት ካመነታ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሂድ። ሦስቱንም ካሳየው ደግሞ ወረቀቱን ያስቀምጥ፤ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሲሄድ የሚያስፈልገው እሱ ነው።